«ሻንጣውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ጥይቷን ግን አላውቃትም»

ዴልሂ በሚገኘው የኢንዲራ ጋንዲ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣዎች በኤክስሬይ ማሽኑ ውስጥ ያልፋሉ። ምስሉን የሚከታተለው የጥበቃ ባልደረባ አንዷን ሻንጣ ያስቆምና ባለቤቱን ይጠራል። ልብሱ፣ የጥርስ ሳሙናው፣ ለዘመድ የተገዛው ሻርፕ አንድ በአንድ ይወጣል። ምንም የለም። ሻንጣው ባዶውን እንደገና ሲፈተሽ ምስሉ አሁንም አለ። የውስጡ ገበር በጣት ሲዳበስ፣ ስፌቱ በተተረተረበት በኩል የትንሽ ጣት አንጓ የምታህል ናስ ትወጣለች። አንዲት ያልተተኮሰች ጥይት ናት።

መንገደኛው ደርቆ ይቀራል። ሻንጣው የታላቅ ወንድሙ ነው፤ ትናንት ማታ ተውሶት ነው የመጣው። ወንድሙ ፈቃድ ያለው ሽጉጥ አለው፤ ባለፈው ሠርግ ሲሄድ በዚሁ ሻንጣ ይዞት ነበር። አውሮፕላኑ ይሄዳል፣ መንገደኛው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይወሰዳል።

ይህን የአንድ ሰው ታሪክ አድርጌ አላቀረብኩትም። አባቱ፣ ባሏ ወይም አጎቱ መሣሪያ ያለው ሰው፣ የተዋሰው ወይም ለዓመታት ያልተራገፈ ቦርሳ፣ አንዲት ወይም ሁለት ጥይት፤ ሰዎቹና ቀኖቹ እየተለያዩ ነገሩ ግን አንድ ሆኖ በዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መዝገቦች ውስጥ ሲደጋገም የኖረ ነው። የሚያስነሣው ጥያቄም ከአየር መንገድ ጋር ሳይሆን የህንድ ዳኞች ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲመላለሱበት ከኖሩት አንድ ቃል ጋር የተያያዘ ነው፤ «መያዝ»። አንድ ዕቃ በሰው ኪስ፣ በቤቱ ወይም በሻንጣው ስለተገኘ ብቻ ሰውየው ይዞታል ይባላል ወይ?

በሥራ ላይ ያለው የህንድ የጦር መሣሪያ ሕግ የወጣው በ1959 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ከእርሱ በፊት የነበረው የእንግሊዝ አገዛዝ በ1878 ያወጣው ሕግ ሲሆን፣ አውሮፓውያንን ከግዴታው ነጻ እያደረገ ሕንዳዊውን ትጥቅ ያስፈታ ነበር። ጋንዲ ቅኝ ገዢዎቹ ካደረሷቸው በደሎች መካከል ከከፉት ይቆጥረው ነበር። ነጻነቷን ያገኘችው ህንድ ሕጉን ስትለውጥ የፈቃዱን ሥርዓት አላስቀረችም። አንቀጽ 3 ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ጠመንጃም ሆነ ጥይት እንዳያገኝ፣ እንዳይዝና ይዞም እንዳይንቀሳቀስ ይከለክላል። ቅጣቱን የሚደነግገው አንቀጽ 25 ለተራው መሣሪያና ጥይት ከ1 እስከ 3 ዓመት እስራት ያዝ ነበር፤ በ2019 መጨረሻ በተደረገው ማሻሻያ ከ2 እስከ 5 ዓመትና መቀጮ ሆኗል። የተከለከሉ ተብለው ለተመደቡት፣ እንደ ክላሽ ላሉት አውቶማቲክ መሣሪያዎች ደግሞ ከ7 እስከ 14 ዓመት ያደርሳል።

በእነዚህ ድንጋጌዎች ውስጥ ግን «እያወቀ» የሚል ቃል የለም። በፊደሉ ብቻ ካነበብነው የተዋሰውን ሻንጣ ተሸክሞ የመጣው መንገደኛ ጥይት ይዟል፣ ፈቃድ የለውም፣ ስለዚህ ጥፋተኛ ነው። እውቀትን ወደ ሕጉ ያስገቡት ዳኞች ናቸው።

ወሳኙ ፍርድ የተሰጠው በ1972 ነው። ከማድያ ፕራዴሽ ግዛት የመጣ ጉዳይ ነበር። ተከሳሹ ፈቃድ የሌለው ሽጉጥ ለሌላ ሰው በአደራ ሰጥቷል ተብሎ ሲከሰስ፣ ሽጉጡ በእጁ አልነበረም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «መያዝ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያስፈልገዋል አለ። የመጀመሪያው ማወቅ ነው። ሁለተኛው፣ ዕቃው በአካል በሰውየው እጅ ከሌለ፣ በዕቃው ላይ ሥልጣን ያለው መሆኑ ነው። ዳኞቹ ነገሩን ያስረዱበት ምሳሌ ማንም ሰው የሚገባው ነው። ባለቤቱ ፈቃድ የሌለው ጠመንጃ ቤቱ ደብቆ ወጥቶ ሄደ እንበል፤ እሱ በሌለበት ፖሊስ ገብቶ ቢያገኘው «እኔ እቤት አልነበርኩም» ማለቱ አያድነውም፤ ገበያም ይዋል፣ ሌላ አገር ይሂድ፣ ጠመንጃው የእሱ ነው። ግን ሰውየው ቀን ከቤቱ እንደወጣ ሌላ ሰው ሽጉጥ አምጥቶ ቤቱ ውስጥ ቢደብቅና ፖሊስ ያን ቢያገኝ፣ ባለቤቱ ማወቁ እስካልታየ ድረስ ሊከሰስ አይችልም።

ይህ ፍርድ በሁለት በኩል የሚቆርጥ መሆኑን ብዙ ሰው ይረሳል። «አውቆ መያዝ» ሲባል ለተከሳሽ ብቻ የተሠራ ማምለጫ ይመስላል። ነገር ግን በዚሁ መለኪያ መሣሪያውን በእጁ ነክቶት የማያውቅ፣ በሎሌው ወይም በጓደኛው ቤት የሚያስቀምጥ ሰው ይጠየቃል። የጌታውን የተሰፋ ጆንያ ጭኖ የሚሄደው የቀን ሠራተኛ ጀርባው ላይ ያለውን ባያውቅ፣ በ1972ቱ ሚዛን መሣሪያውን የያዘው እቤቱ የተቀመጠው ጌታው ነው። የእጅና የልብ ነገር እዚህ ላይ ይለያያል። እኛም ዘንድ ሕግ የተማረ ሰው ወንጀል ሲተነትን ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገር እያለ ይቆጥራል፤ የህንድ ዳኞች ያደረጉት ሞራላዊውን ፍሬ ነገር «መያዝ» ከሚለው ከራሱ ቃል ውስጥ ማውጣት ነው። በ1979 በሌላ የመሣሪያ ጉዳይ ይኸው ፍርድ ቤት ቃሉ ለሁሉም ሁኔታ የሚበቃ አንድ ፍቺ እንደሌለው፣ እንደየቦታው መልኩን እንደሚለዋውጥ ተናግሯል።

የዚህ አቋም ክብደት የሚታየው ህንድ የሕግ ወጓን ከወረሰችበት አገር ጋር ሲነጻጸር ነው። የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች በ1968ቱ የጦር መሣሪያ ሕጋቸው ላይ የወሰዱት መንገድ ፍጹም ሌላ ነው። እዚያ ሰውየው አንድ ዕቃ መያዙን ማወቁ ይበቃል፤ ዕቃው መሣሪያ መሆኑን ማወቅ አይጠበቅበትም። ከጥቂት ደቂቃ በፊት የተሰጠውን ቦርሳ ይዞ ለተገኘ ሰው እንኳ «ውስጡን አላየሁም» የሚለው ቃል መከላከያ አልሆነውም። በ2007 ለይግባኝ ፍርድ ቤቱ በቀረበ ጉዳይ ተከሳሾቹ የያዙት ዕቃ የእጅ ባትሪ መስሏቸው ነበር፤ በኤሌክትሪክ የሚያደነዝዝ የተከለከለ መሣሪያ ሆኖ ተገኘ። የጥፋተኝነቱ ፍርድ ጸና። እንግሊዞቹ የሚያቀርቡት ምክንያት የሚናቅ አይደለም፤ ሽጉጥ ገዳይ ነው፣ «አላውቅም» የሚለው ቃል ደግሞ ለመናገር ቀላል፣ ለማፍረስ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ሸክሙ ዕቃውን በያዘው ላይ ይውደቅ ይላሉ። እኔ ግን በዚህ የህንድ ዳኞች ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ያላወቀን ሰው ማሰር የሚቀጥለውን ያላወቀ ሰው አያስጠነቅቅም፤ ሊጠነቀቅበት የሚችለው ነገር የለምና።

የህንድ ዳኞች አቋም ትልቁ ፈተና ግን ከአየር ማረፊያ ሳይሆን ከፊልም ሠሪዎቹ መንደር መጣ። «ማዘር ኢንዲያ» የተሰኘውን ፊልም ያየ ሰው ናርጊስንና ሱኒል ዱትን አይረሳም፤ ተዋናዩ ሳንጄይ ዱት የእነሱ ልጅ ነው። በዲሴምበር 1992 አዮድያ ላይ የባብሪ መስጊድ ከፈረሰ በኋላ ቦምቤይ፣ የዛሬዋ ሙምባይ፣ በሃይማኖት ግጭት ታመሰች። በማርች 12፣ 1993 በከተማይቱ የተለያዩ ቦታዎች ተከታታይ ቦምቦች ፈንድተው 257 ሰዎች ሞቱ። ምርመራው ሲቀጥል፣ ከፍንዳታው በፊት በጃንዋሪ ወር፣ ወደ አገሪቱ በድብቅ መሣሪያ ካስገቡት ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ ወደ ተዋናዩ ቤት አውቶማቲክ ጠመንጃዎች ይዘው መሄዳቸው ታወቀ። እሱ አንዱን አስቀርቶ ነበር። ነገሩ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ሞሪሸስ ፊልም እየሠራ ነበር፤ ለወዳጁ ደውሎ ጠመንጃው እንዲጠፋ አደረገ። በኤፕሪል ሲመለስ ተያዘ። ያስቀረሁት ቤተሰቤን ለመጠበቅ ነው አለ።

የተከሰሰው በተራው የመሣሪያ ሕግ ብቻ አልነበረም። በዘመኑ «ታዳ» በሚል ምኅጻር የሚታወቅ የ1987 የፀረ ሽብር ሕግ ነበር። የዚህ ሕግ አንቀጽ 5 መንግሥት ለይቶ ባወጀው አካባቢ የተወሰኑ መሣሪያዎችን ያለ ፈቃድ መያዝን ብቻውን፣ ሌላ ድርጊት ሳይታከልበት፣ ከ5 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ በሚያደርስ እስራት ይቀጣ ነበር። «እያወቀ» የሚለው ቃል እዚህም አልተጻፈም። አምስት ዳኞች ያሉት የሕገ መንግሥት ችሎት በሴፕቴምበር 1994 ባሳለፈው ውሳኔ ግን ቃሉን ከ1972ቱ ፍርድ በማይለይ መንገድ ተረጎመው። መያዝ ማለት አውቆ መያዝ ነው፤ ምንነቱን ሳያውቁ ዕቃን ማቆየት መያዝ አይደለም። ዐቃቤ ሕግ ይህን፣ ፈቃድ አለመኖሩንና ቦታው የታወጀ መሆኑን ካስረዳ መሣሪያው ለሽብር እንደተያዘ ሕጉ ይገምታል፤ ተከሳሹ ደግሞ ግምቱን በማስረጃ የማፍረስ መብት አለው።

እስከ ዛሬ ድረስ «አውቆ መያዝ» የሚል ክርክር በተነሣ ቁጥር ጠበቆች የሚጠቅሱት ይህን ውሳኔ ነው፤ የሚጠራውም በሳንጄይ ዱት ስም ነው። ሰውየውን ራሱን ግን በዚህ ነጥብ አላዳነውም፤ ያውቅ ነበርና። ጠመንጃውን አይቶ መርጦ አስቀርቷል፣ ሲጨንቀውም እንዲጠፋ አዟል። ግምቱን የማፍረስ በሩ ግን ጠቀመው። በ2006 ልዩ ፍርድ ቤቱ ከሽብር ክሱ ነጻ አውጥቶ በመሣሪያ ሕጉ ጥፋተኛ አለው፤ በ2007 ስድስት ዓመት ፈረደበት። በማርች 2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥፋተኝነቱን አጽንቶ ቅጣቱን ወደ አምስት ዓመት ዝቅ አደረገ፤ በፌብሯሪ 2016 ፑኔ ከሚገኘው የየርዋዳ እስር ቤት ወጣ። «ያላወቀ አይጠየቅ» ሲባል «ታዲያ ሁሉም አላውቅም ብሎ ያመልጣላ» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። የአለማወቅ በሩ የተከፈተው ላላወቀው ነው፤ ያወቀው አልገባበትም።

እውቀት እንዴት ይረጋገጣል? የሰው ሐሳብ አይታይም፤ ዳኞች የሚያዩት ዱካውን ነው። መሣሪያው የተገኘው ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ ባለ ሣጥን ነው ወይስ አያት፣ ወንድማማቾችና ምራቶች አብረው በሚኖሩበት ቤት ጣሪያ ሥር? በጋራ ቤት ከሆነ ከነዋሪዎቹ መካከል አንዱን ነጥሎ «አንተ ነህ» ለማለት ተጨማሪ ማስረጃ ያስፈልጋል። ሌላው ፖሊስ አዘውትሮ የሚጠቀምበት መንገድ ተጠርጣሪው ራሱ መርቶ ወስዶ አሳየን የሚለው ነው። ከ1872 ጀምሮ በነበረው የማስረጃ ሕግ ለፖሊስ የተሰጠ የእምነት ቃል ማስረጃ አይሆንም፤ ዕቃ ያስገኘው የቃሉ ክፍል ብቻ ግን ይቀበሉታል። በ1946፣ ያኔ የህንድ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ የነበረው የለንደኑ ፕሪቪ ካውንስል እንዳለው ይህ የሚያስረዳው ሰውየው ዕቃው ያለበትን ቦታ ማወቁን ብቻ ነው። እዚህ ላይ ትልቅ ልዩነት አለ። ሽጉጡ የተገኘው ማንም በሚያልፍበት ቁጥቋጦ ሥር ከሆነ፣ ቦታውን ማወቅ ሌላ፣ በሽጉጡ ላይ ሥልጣን መኖሩ ሌላ ነው። ሌላ ሰው ሲቀብረው ያየም ሰው ቦታውን ያውቃል።

ይህ ሁሉ ለመሣሪያ ነው። በአደንዛዥ ዕፅ በኩል ግን ህንድ ሸክሙን ገልብጣዋለች፤ ይህን በተለይ የእኛ ሰው ቢያውቀው እወዳለሁ። ለሕክምናም ለንግድም ከአዲስ አበባ ወደ ዴልሂና ሙምባይ የሚበር ወገን ብዙ ነው። ሻንጣ መዋስም «ይቺን ለእህቴ አድርስልኝ» ብሎ የታሸገ ነገር መስጠትም እኛ ዘንድ ነውር የለውም፤ እንዲያውም ከፍቶ ማየት ነው ነውሩ። የ1985ቱ የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ አንቀጽ 35 ፍርድ ቤቱ የተከሳሹን ማወቅ አስቀድሞ እንዲገምት ያዛል፤ ተከሳሹ አለማወቁን ማስረዳት ያለበትም ጥርጣሬ በማይተው መጠን ነው። ለንግድ የሚሆን መጠን ከሆነ ዝቅተኛው ቅጣት 10 ዓመት ነው። አንዲት ጥይት ሻንጣው ውስጥ የተገኘችበት ሰው ዐቃቤ ሕግ ማወቁን እንዲያስረዳበት ይጠብቃል፤ በዚያው ሻንጣ የሰው እሽግ ተሸክሞ ዕፅ የተገኘበት ሰው ግን ያላየውን አለማየቱን ራሱ ማስረዳት አለበት።

ወደ አየር ማረፊያው እንመለስ። በ2014 የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አንዲት ጥይት በሻንጣው የተገኘችበትን ሰው ጉዳይ ሲመረምር፣ ጥይቷ የምትተኮስ መሆኗን የባለሙያ ሪፖርት አረጋግጦ ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህ ብቻውን አይበቃም አለ፤ በክሱ ወረቀት ውስጥ ሰውየው ስለ ጥይቷ ማወቁን የሚያሳይ ነገር ስላልነበረ ክሱን ሰረዘ። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ውሳኔዎች ተከታትለዋል። ከዚያ በፊት በ2012 ይኸው ፍርድ ቤት በሌላ መንገድ ሄዶ ነበር፤ የመሣሪያ ሕጉ አንቀጽ 45 ከዋናው ጋር ለመጠቀም ያልታሰበ ጥቃቅን የመሣሪያ ወይም የጥይት ክፍልን ከሕጉ ውጭ ስለሚያደርግ፣ ጠመንጃ የሌላት አንዲት ጥይት እንደዚያ ትቆጠራለች አለ። ውጤቱ ያው ነጻ መውጣት ነው፤ ምክንያቱ ግን አይመቸኝም። ሙሉ ጥይት የምንም ነገር ቁራጭ አይደለችም። አውቆ በኪሱ የያዛትን ሰው በዚህ በር ማስወጣት፣ ሳያውቅ የተሸከማትንም ያወቀ ማስመሰል ይሆናል። የማወቅ ጥያቄ ሁለቱን ይለያቸዋል፤ የቁጥር ጥያቄ አይለያቸውም።

የሚያሳዝነኝ ይህ ሁሉ የሚነገረው የት እንደሆነ ነው። ክሱ የሚሰረዘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። እዚያ እስኪደርስ ድረስ ሰውየው ጠበቃ ቀጥሯል፣ ዋስ ጠርቷል፣ በቀጠሮ ተመላልሷል። በህንድ የፓስፖርት ሕግ በፍርድ ቤት ያልተቋጨ የወንጀል ክስ ያለበት ሰው ፓስፖርት ሊከለከል ይችላል፤ ውጭ አገር የሚሠራ ከሆነ ሥራውም አብሮ ይንጠለጠላል። የውጭ ዜጋ ከሆነ ቋንቋውን በማያውቀው ከተማ ሆቴል እየከፈለ ይጠብቃል። በመጨረሻ «አውቆ አልያዘም» ሲባልለት ገንዘቡና ጊዜው አይመለስም።

ሕጉ ግን ጥያቄው ቀደም ብሎ የሚነሣበትን ቦታ አዘጋጅቶ ነበር። አንቀጽ 39 በአንቀጽ 3 ጥሰት ማንም ሰው ከመከሰሱ በፊት የዲስትሪክቱ ማጅስትሬት ፈቃድ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ፖሊስ ያጠናቀረውን ሌላ ዓይን እንዲያየው የተቀመጠ ማጣሪያ ነው። የፖሊስ ኮሚሽነር በተሾመባቸው ከተሞች ግን፣ ዴልሂን ጨምሮ፣ ሕጉ ራሱ «ማጅስትሬት» ሲል ኮሚሽነሩንና ሥልጣን የተሰጣቸውን ምክትሎቹን ማለት እንደሆነ ይተረጉማል። መርማሪውም ፈቃጁም ከአንድ ቤት ይወጣሉ።

መዝገቡ ወደዚያ ጠረጴዛ ሲቀርብ ጥይቷ የት እንደተገኘች የሚገልጽ የፍተሻ ወረቀት አለበት። ጥይቷ እንደምትተኮስ የሚያረጋግጥ የላቦራቶሪ ሪፖርት አለበት። የወንድምየው ፈቃድ ፎቶ ኮፒም ሊኖርበት ይችላል። መንገደኛው ገበሩ ውስጥ ያለውን ያውቅ እንደነበር የሚናገር ገጽ ካልተገኘ ግን፣ በ1972ቱ ፍርድ መሠረት ያ መዝገብ አልተሟላም፤ የሹሙም ፊርማ መቆም ያለበት እዚያ ላይ ነው።